የኅዳር ጭስ ቀኑ ይታወቃል፤ ታዲያ ለምን ቀድመን አንተነብየውም?

እናቴ አስም አለባት። ኅዳር 11 ማታ የምታደርገውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሮጌ ፎጣ ውኃ ውስጥ ትነክራለች። ጨምቃ በበሩ ሥር ትወትፈዋለች። የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ትደፍናለች። የሚነፋ መድኃኒቷን፣ እኛ ቤት «ፓፍ» የምንለውን፣ ትራስጌዋ ታስቀምጣለች። ያስጠነቀቃት ሬዲዮ የለም። ስልኳ ላይም መልእክት አልገባም። ቀኑን ግን ታውቃለች። ነገ ኅዳር 12 ነው፤ ኅዳር ሲታጠን።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ቀን አይረሳውም። ከማለዳ ጀምሮ በየደጃፉ ቆሻሻ ይጠረጋል፣ ይከመራል፣ እሳት ይለኮስበታል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ያረጀ ፍራሽ፣ ካርቶን፣ ፌስታል፣ የተቀደደ ጫማ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይነዳል። እኛ ሰፈር ክምሩ የሚሠራው ከቦዩ አጠገብ ነበር። ጭሱ ወደ ሰማይ አይወጣም። ከቆርቆሮው ጣራ ትንሽ ከፍ ይልና እዚያው ይተኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ ቁልቁል፣ ወደ ወንዙ በኩል ይንሸራተታል። ይህን አካሄዱን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልማዱ የመጣው ከክፉ ዘመን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ሰው በሽታው ከቆሻሻና ከተበላሸ አየር መጣ ብሎ ስላመነ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ሐሳቡ ማጽዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ዛሬ የሚነደው ቅጠልና ገለባ ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክም ነው። የከተማዋም ሕዝብ ሚሊዮኖች ሆኗል።

እናቴ በዚያ ማታ የምትሠራው ሥራ ስም አለው። ትንበያ ነው። ግን ግማሽ ትንበያ ነው።

የከተማ አየር ብክለትን መተንበይ የሁለት ጥያቄዎችን መልስ መፈለግ ነው። ነገ ምን ያህል ጭስና ብናኝ ይወጣል? የወጣውን ደግሞ አየሩ ምን ያደርገዋል? እናቴ የመጀመሪያውን ከቀን መቁጠሪያው ታነባለች። ሁለተኛውን አታውቀውም። ስለዚህ በየዓመቱ እኩል ትፈራለች። አንዳንድ ዓመት ነፋስ ጠርጎት ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ዝግጅት ሳያስፈልግ ይቀራል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ስታስል ትከርማለች።

እኔ የማምነው ይህንን ነው። አዲስ አበባ መጥፎውን ቀን ቀድማ ማወቅ ትችላለች። የአየሩን ጠባይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉን። የጭሱን ቀንና ሰዓት ደግሞ ሕዝቡ በቃሉ ያውቀዋል። የጎደለው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስረው ልኬት ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የውርጭ ሌሊት

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንወቅ። ሐኪሞችን በጣም የሚያሳስባቸው ፒኤም 2.5 የሚባለው ጥቃቅን ብናኝ ነው። ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም። የሰው ፀጉር ከዚህ ሃያ ጊዜና ከዚያ በላይ ይወፍራል። አፍንጫ አያስቀረውም። ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፣ ከፊሉ ወደ ደም ይገባል። ልብንም አንጎልንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያውን አጥብቆ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ አለ። ከዚያ በፊት 10 እና 25 ነበር። አዲስ አበባ ላይ ባለፉት ዓመታት የተወሰዱ ልኬቶች የዓመቱ አማካይ ከ5 በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በዓለም ዙሪያ የውጭ አየር ብክለት በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ 4.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው እንደቀጠፈ ድርጅቱ ይገምታል።

አሁን ወደዚያ ከቆርቆሮው በላይ አልወጣ ወዳለው ጭስ እንመለስ።

ገበሬ ጠይቁ። ውርጭ መቼ ይጥላል? ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋስ ሲጠፋ ይላችኋል። ደመና ካለ ውርጭ የለም። ይህ የገበሬ ዕውቀት የከተማ ብክለት ሳይንስ ዋና ምዕራፍ ነው። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከፊሉን ይመልስላት ነበር። ኅዳር ላይ ደመናው የለም። ምድር ትቀዘቅዛለች፤ የነካት አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ታች ይቀመጣል። ከላይ ያለው አየር ግን ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ወትሮ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይበርዳል። እንዲህ ባለው ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ከታች ይበርዳል፣ ከላይ ይሞቃል። ባለሙያዎቹ ኢንቨርሽን ይሉታል። እኔ ክዳን እለዋለሁ። ጭስ የሚወጣው በዙሪያው ካለው አየር ስለሚሞቅ ነው። ክዳኑ ጋ ሲደርስ ከላይ ያለው አየር እንደሱ ሞቃት ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ የሚገፋው የለም። ይተኛል።

ቁልቁል መንሸራተቱስ? አዲስ አበባ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ ስትደርሱ ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ሌሊት የቀዘቀዘው ከባድ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል። መንገዱም የወንዞቹ ሸለቆ ነው። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሰው ይኖራል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ኪሱ የሳሳው ሰው።

ክዳኑ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? አንድ ቀላል ስሌት አብረን እንሥራ። ሞዴል የሚባሉት፣ የከተማን ብክለት በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሥርዓቶች፣ የሁሉም አያት ይህ ስሌት ነው። በሐሳባችሁ አንድ የአየር ዓምድ አቁሙ። መሠረቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው። ቁመቱ እስከ ክዳኑ። ይህ ዓምድ ከኮተቤ ተነስቶ ወደ አየር ጤና በነፋስ ይጓዛል። መንገዱን 15 ኪሎ ሜትር እንበለው። ከሥሩ ያለው ከተማ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በየሰከንዱ 1 ማይክሮግራም ብናኝ ያወጣል እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ ንጽጽሩን ግን ተመልከቱ።

ቀን 9 ሰዓት ላይ ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ይሄዳል፣ ክዳኑንም ፀሐይ አንስታው 1,500 ሜትር ላይ ነው። ዓምዱ መንገዱን በ5,000 ሰከንድ ይጨርሳል። 5,000 ማይክሮግራም ሰበሰበ ማለት ነው። ይህ ለ1,500 ሜትር ቁመት ሲከፋፈል በሜትር ኩብ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ንጋት 12 ሰዓት ላይስ? ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር ነው፣ ክዳኑ 200 ሜትር ላይ ወርዷል። ዓምዱ 15,000 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከአራት ሰዓት በላይ ማለት ነው። የሰበሰበው 15,000፣ ቁመቱ 200፤ ውጤቱ 75።

ከተማዋ አንድ ተጨማሪ እፍኝ ጭስ አላወጣችም። አየሩ ግን ከሃያ ጊዜ በላይ ቆሸሸ። ሰው «ዛሬ ምን ተቃጠለ?» ይላል። ብዙ ጊዜ መጠየቅ ያለበት «ዛሬ ክዳኑ የት ነው?» ተብሎ ነው።

ለንደን በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. የደረሰባት ይኸው ነው። ከ5 እስከ 9 ባሉት ቀናት ነፋስ የሌለው ቀዝቃዛ አየር ከተማዋ ላይ ተኛ። የከሰል ድንጋይ ጭስ መውጫ አጣ። ያኔ የሞተው ወደ 4,000 ሰው ተብሎ ተገመተ፤ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ወደ 12,000 ያደርሱታል። የለንደን ቤቶች ያን ሳምንት አዲስ ምድጃ አልተከሉም። የከፋው አየሩ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ።

የእኛ ነገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ያረጀ ሞተር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሽቅብ የምትወጣ አሮጌ ሚኒባስ ከኋላ ሆኖ ያየ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

ማሽኑ የማያውቀው

ዘመናዊዎቹ ሞዴሎች የሚሠሩት ይህንኑ የዓምድ ስሌት ነው፤ በሚሊዮን ጊዜ አባዝተው። ዓለምን በሣጥን ይከፋፍሉታል። በየሣጥኑ ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ ዝናቡን ያሰላሉ። ጭሱን ይጨምራሉ፤ ጋዞቹ እርስ በርሳቸው ሲዋሐዱ አዲስ ብናኝ የሚፈጥሩትንም ይቆጥራሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሣጥን ያሻግራሉ። የአውሮፓ ኅብረት የኮፐርኒከስ አገልግሎት በዚህ መንገድ ለመላው ዓለም የአምስት ቀን ትንበያ በየዕለቱ ያወጣል። የአሜሪካው ናሳም የራሱ አለው። ሁለቱንም ማንም ሰው በነፃ ማየት ይችላል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ግን የኮፐርኒከስ የዓለም ሞዴል የአንዱ ሣጥን ጎን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መላ ከተማዋ አንድ ሣጥን ውስጥ ገብታ ቦታ ይተርፋል። እንጦጦ ማርያም ያለው አየርና አቃቂ ፋብሪካዎቹ ጋ ያለው አየር አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ቁልቁል የሚፈሰው የሌሊት አየር፣ ሸለቆው፣ ተዳፋቱ፣ ሁሉም በአማካይ ይጠፋል።

ይህ እንኳ መፍትሔ አለው። ሣጥኑን ማሳነስ ይቻላል። ከባዱ የጭሱ መዝገብ ነው። ሞዴሉ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚያጨስ መዝገብ ይፈልጋል። የዓለም መዝገቦች የሚሠሩት ከአገር አቀፍ የነዳጅ ቁጥር፣ ከሕዝብ ብዛት፣ ከመንገድ ካርታ ነው። ከዚያ ለወራትና ለሰዓታት ይደለደላል። ኅዳር 12 ለእነዚህ መዝገቦች እንደ ኅዳር 9 ተራ ቀን ነው።

ሳተላይትስ እሳቱን አያይም? ትልቁን ያያል። የደን ቃጠሎ፣ የማሳ ቃጠሎ ይያዛል። ብዙ የምንጠቀምባቸው የእሳት ሳተላይቶች ግን በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉት በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ዋናዎቹ ቀን 7 ሰዓት ተኩል ገደማና ሌሊት በዚያው ሰዓት። ከምስሎቻቸው ጥራት ያለው እንኳ አንዷ ነጥብ 375 ሜትር ናት። ቦዩ አጠገብ የሚነደው የእኛ ሰፈር ክምር አልጋ ያክላል።

ስለ ሰዓቱ ካነሳሁ አይቀር ዴልሂን ልጥቀስ። ሕንድ በ2010 እ.ኤ.አ. ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ብላ ለዴልሂ የአየር ትንበያ ሥርዓት አቆመች። ዛሬ ከተማዋ በዓለም በጣም ዝርዝር ከሆኑት ትንበያዎች አንዱ አላት። በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር በፑንጃብና በሃርያና ገበሬዎች የሩዝ ገለባ ያቃጥላሉ፤ ጭሱ ዴልሂን ይሸፍናል። ሞዴሉ የእሳቱን ቁጥር ከሳተላይት ይወስዳል። ባለፉት ዓመታት የእሳቱ ቁጥር ሲቀንስ ታየ፤ አየሩ ግን የዚያን ያህል አልተሻለም። አንድ የናሳ ተመራማሪ በ2024 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን ጠቆሙ። በየአሥር ደቂቃው ፎቶ የምታነሳ፣ ከቦታዋ የማትነቃነቅ የደቡብ ኮሪያ ሳተላይት ከሰዓት በኋላ፣ ሌሎቹ ካለፉ በኋላ፣ ብዙ ጭስ ታያለች። ሰዉ የሚለኩስበት ሰዓት ተለውጦ ነበር። ሞዴሉ ፊዚክሱን አልተሳሳተም። የሰውን ውሎ ነው የሳተው።

ሌላው መንገድ ማሽን ለርኒንግ ነው። ፊዚክሱን አያሰላም፤ ካለፉት ዓመታት ልኬት ይማራል። ትናንት ስንት ነበር፣ ነፋሱ ስንት ነው፣ ቀኑ እሑድ ነው ወይስ ማክሰኞ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በተራ ቀን ጥሩ ይሠራል። ሆኖም አንድ ቀላል ተፎካካሪ አለው። «ነገም እንደ ዛሬ ይሆናል» የሚለው ግምት። ይህ ግምት አብዛኛውን ቀን ልክ ነው። ማንኛውም የትንበያ ሥርዓት መጀመሪያ እሱን ማሸነፍ አለበት። ድንገት በሚከፋው ቀን ካላሸነፈው ደግሞ ጥቅሙ ምንድን ነው? እናቴ የምትፈልገው ያን ቀን ነው።

ኅዳር 12 ደግሞ ለማሽን ከባድ ትምህርት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። የአሥር ዓመት ዳታ ቢኖር እንኳ ምሳሌው አሥር ብቻ ነው። በዚያ ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ይንሸራተታል። ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን 22 ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። በፈረንጅ ቀን ብቻ የሠለጠነ ማሽን በዚያ ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ይጮሃል፣ በዋናው ቀን ዝም ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የእኛን አቆጣጠር አስተምሩት። ቡሄ ዋዜማ ችቦ አለ። የዘመን መለወጫ ዋዜማም አለ። መስከረም 16 በየሰፈሩ ደመራ ይነዳል። ኅዳር 12 ይታጠናል። የበዓል ዋዜማ ማታ ምድጃ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እነዚህን በሠንጠረዥ ለማስገባት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ውጭ አገር ያለ ባለሙያ ይህን አያውቅም። የእኛ ተማሪ ያውቃል።

መብራትም አለ። ይህን ያሰብኩት እናቴ ቤት ተቀምጬ ነው። መብራት ጠፋ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ግቢው ውስጥ ሦስት የከሰል ምድጃ ወጣ። ጎረቤቶቹ በኤሌክትሪክ ነበር የሚያበስሉት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃና ከነፋስ ስለሚመጣ ምድጃው ንጹሕ ነው። መብራቱ ሲሄድ ግን ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ወደ ከሰል ይመለሳል። ስለዚህ የትኛው ሰፈር መቼ መብራት እንደሚጠፋበት የሚያሳይ መዝገብ የጭስ መዝገብም ነው። አሁን ለጥገና ተብሎ ቀድሞ የሚነገረው የመብራት ማቋረጫ ሰዓት እንኳ ለሞዴሉ ወርቅ ነው።

ካርታውም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅም። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዓይናችን ፊት በዛ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ መልካቸው ተለውጧል። በከሰል የሚያበስሉ ቤቶች የነበሩበት ቦታ ዛሬ አደባባይ ወይም የእግረኛ መንገድ ነው። ነዋሪዎቹ ወደ ዳር ሄደዋል፤ ምድጃቸውም አብሯቸው። ከአምስት ዓመት በፊት የተሠራ የጭስ መዝገብ የሌለች ከተማ ይገልጻል።

መለኪያው ሲዘጋ

ሞዴል ያለ ልኬት ግምት ነው። ትናንት የተነበየውን ዛሬ ከእውነተኛው ጋር ካላስተያየ ስህተቱን አያርምም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በይፋ፣ በየሰዓቱ ሲነበብ የነበረው ልኬት የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒኤም 2.5ን ይለካ ነበር። መሣሪያው አየር ስቦ በጥቅል ወረቀት ላይ ያሳልፋል። ብናኙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቤታ ጨረር ይለቀቅበታል። ብናኙ በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ጨረር ይቀንሳል። በየሰዓቱ አንድ ቁጥር። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ተመራማሪዎች ለጥናት፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ያየው ነበር። መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ምክንያት የኤምባሲዎቹን ልኬት ለሕዝብ ማካፈል አቆመ። የአዲስ አበባውም አብሮ ቀረ። በዚያ ቦታ የተለኩት የኅዳር 12 ቀናት ቢበዛ ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛው አልመጣም።

ይህ በጣም ያሳስበኛል። ስለ ራሳችን ሳንባ የምናውቀው ነገር የሌላ አገር በጀት ሲቀንስ የሚጠፋ መሆን አልነበረበትም። በእርግጥ የእኛ ሰዎችም ለክተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ መሣሪያ ተክለው ጥሩ ጥናት አሳትመዋል። ትንበያ ግን ለጥናት ተብሎ በተወሰነ ጊዜ በሚለካ ቁጥር አይሠራም። የዛሬን ጠዋት ቁጥር ዛሬ ጠዋት ይፈልጋል።

ካምፓላን እዩ። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ኤርኮ የሚባል ቡድን ተነሳ። መደበኛው መሣሪያ በአሥር ሺዎች ዶላር ያወጣል። እነሱ በርካሽ ሴንሰር የራሳቸውን ሠሩ፤ ለአቧራውና ለሙቀቱ እንዲችል አድርገው፣ መብራት ሲጠፋ በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ አድርገው። ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ቦዳ ቦዳ በሚሏቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ሳይቀር አሰሩት። ርካሽ ሴንሰር ደካማ ጎን አለው። ብናኙን የሚቆጥረው በብርሃን ነው። አየሩ ሲረጥብ ብናኙ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሴንሰሩም አብዝቶ ይቆጥራል። ስለዚህ ጥቂቶቹን ከመደበኛው መሣሪያ ጎን አስቀምጠው፣ ልዩነቱን ለማሽን አስተምረው ያርሙታል። ዛሬ የካምፓላ ሰው የሰፈሩን አየር ስልኩ ላይ ያያል፤ ትንበያውንም ጭምር። ሴንሰሮቹ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞችም ደርሰዋል። ይህን የሠሩት ከእኛ የተሻለ ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች አይደሉም።

ለአዲስ አበባ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት መደበኛ መሣሪያ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ታች አቃቂ በኩል፣ በዙሪያቸው ደግሞ በርካሽ ሴንሰር የተሸፈኑ ሸለቆዎች ቢኖሩ ሥራው ይጀመራል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበጋ ወራት ስለ ሌሊት ቅዝቃዜና ስለ ውርጭ ትንበያ ያወጣል። ያ ትንበያ ገበሬው ማሳውን እንዲጠብቅ ነው። ያው ትንበያ ግን ክዳኑ የት እንደሚሆን ይናገራል። ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት ጭስ የሚተኛበት ሌሊት ነው። ከተማ ላለው ሰው በዚህ መልኩ ተተርጉሞ ቢነገረው ነገ ጠዋት የሚጠቅመው ነገር አገኘ።

ነገ ጠዋት ማን ይጠቀማል?

ትንበያ ተግባር ካልተከተለው ዜና ብቻ ነው። ቤይጂንግ በ2015 እ.ኤ.አ. ኅዳር መጨረሻ ላይ እጅግ በከፋ ጭጋግ ተሸፈነች፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከመጨረሻው ከቀዩ አንድ ደረጃ ዝቅ በሚለው ብርቱካናማ ላይ ቆመ። ሕዝቡ ተቆጣ። በቀጣዩ ሳምንት ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጀች። ቀይ እንዲባል ከባድ ብክለቱ ከሦስት ቀን በላይ እንደሚቆይ መተንበይ ነበረበት። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መኪኖች በታርጋ ቁጥር ተፈራረቁ፣ ግንባታ ቆመ። ሚሊዮኖች ውሏቸውን የለወጡት ገና ያልመጣ አየር ላይ በተነገረ ቃል ነው። ተንባዩ ላይ ያለውን ሸክም አስቡት። ዝም ብሎ አየሩ ቢከፋ ሰው ይታመማል። ጮኾ ባይከፋ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማው ያጣል። ለዚህ ነው «ነገ ይከፋል» ከማለት «ከአሥር ሰባቱ ዕድል ይከፋል» ማለት የሚሻለው።

አዲስ አበባ ከተማን መዝጋት አያስፈልጋትም። ትንሽ ትንሽ ውሳኔዎች ይበቃሉ። መንገድ የሚጠርጉት እናቶች ሥራ የሚጀምሩት ሊነጋ ሲል ነው። ክዳኑ ከሁሉ ዝቅ የሚልበት ሰዓት እሱ ነው። አቧራውን ያስነሳሉ፣ አቧራው የትም አይሄድም፣ እነሱው ይስቡታል። አንገታቸው ላይ ያለውን ነጠላ ወደ አፍንጫቸው ሲስቡ አይቻለሁ። ክዳኑ ዝቅ በሚልበት ቀን ሥራቸው በሁለት ሰዓት ቢዘገይ ፀሐይዋ ክዳኑን ታነሳላቸዋለች። ታላቁ ሩጫ የሚካሄደው ብዙውን ጊዜ በዚያው በኅዳር ሲታጠን ሰሞን ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በጠዋት በአፉ እየተነፈሰ ይሮጣል። ትንበያ ቢኖር አስም ያለበት ሯጭ ይዘጋጃል። የትምህርት ቤት ስፖርት ከጠዋት ወደ ከሰዓት ይዛወራል።

ኅዳር 12ንም ራሱን መለወጥ ይቻላል። ልማዱን መናቅ አይገባም፤ የሞቱትን የምናስታውስበት ቀን ነው። ጽዳቱ ይቅር የሚል የለም። ቆሻሻው ግን ኅዳር 10 እና 11 በመኪና ቢነሳ የሚነድ አይኖርም። ወረዳዎች የትኞቹን ሰፈሮች ቀድመው ማንሳት እንዳለባቸው ትንበያው ይነግራቸዋል፤ መጀመሪያ ሸለቆዎቹን፣ መጀመሪያ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉትን። ለዚህ የሚላከው መልእክት አጭር ነው። «ነገ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋስ የለም። ጭስ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሊተኛ ይችላል። እሳት አትለኩሱ። አስም ያለባችሁ ጠዋት ከቤት አትውጡ።» እንዲህ ያለ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ባለፈው ኅዳር 11 ማታ እናቴ ደወለችልኝ።

«ነገ ነፋስ አለው?» አለችኝ።

እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ስለ ክዳኑ ደጋግሜ ስለማወራ ገብቷት ነው። አንድ ዓለም አቀፍ የትንበያ ካርታ ከፈትኩ። ለአዲስ አበባ ለነገ ያስቀመጠው ቀለም ከዛሬው አይለይም። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ኮከብ ሁሉ ይቆጠራል። የጎረቤት ባሕር ዛፍ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ የመጀመሪያው የፌስታል ሽታ መምጣት ጀምሯል።

«እማዬ፣ ፎጣውን አርጥቢው» አልኳት።